ዳገቱ ሲሄዱ ነው ሲመለሱ? ወንጪን፣ ዝቋላን፣ ቢሾፍቱንና ባሌን በእግርና በፈረስ ስናወዳድር

እናቴን ወንጪ የወሰድኳት በአንድ ፎቶ ምክንያት ነው። ሰማያዊ ሐይቅ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ገደል፣ መሃሉ ላይ ደሴት። ከላይ ቆመን ስናየው እሷም እንደኔ አፏን ያዘች። "እንውረድ" አልኩ። ወረደች። ምንም አልደከማትም። የእንሰቱን ቅጠል እየዳሰሰች፣ መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ሴቶች ጤና ይስጥልኝ እያለች፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው እየሳቀች ታች ደረሰች። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዳቦ በላን። ከዚያ ቀና ብላ የመጣንበትን አየች።

"ልጄ፣ አሁን ይሄን ማን ሊወጣው ነው?"

እኔ ያላሰብኩት እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው "ለእሁድ የት እንሂድ?" ሲለኝ የቱ ያምራል ከሚለው አልጀምርም። ሁሉም ያምራል። የምጠይቀው ዳገቱ መቼ እንደሚመጣ ነው። ጠዋት፣ ጉልበት ትኩስ ሳለ? ወይስ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ከዛለ በኋላ? ወይስ ጭራሽ የለም? ይሄ ከታወቀ ፈረስ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው አብሮ ይታወቃል።

ሐይቅና ተራራን በአንድ ጉዞ ማየት ለሚፈልግና ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው አራት ቦታ አወዳድራለሁ፤ ወንጪን፣ ዝቋላን፣ ቢሾፍቱንና ባሌን። ሌሎቹን በጨረፍታ ነው የማነሳቸው።

ወንጪ፦ የተገለበጠ ተራራ

ወንጪ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። መኪናው የሚያቆማችሁ ከንፈሩ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፋችኋል ማለት ነው። ሐይቁ ግን ታች ነው። ስለዚህ ተራራው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ቁልቁለት፣ መጨረሻ ላይ ዳገት። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ሲወርድ ጉልበቱ የማያልቅ ይመስለዋል።

ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በወሊሶም በአምቦም በኩል ይደረሳል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል፤ እኔ እንደዛ ነው የምወደው። ሲመለሱ አምቦ ላይ ፍልውሃ ገብቶ እግርን ማሳረፍ አለ።

ታች ከደረሳችሁ በጀልባ ወደ ደሴቱ ትሻገራላችሁ። ወንጪ ቂርቆስ የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ። ከሐይቁ ወዲያ ባለው ሸለቆ ፍልውሃና ጠበል አለ፤ መንገዱ በእንሰትና በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል። የወንጪ ማር ስሙ የታወቀ ነው። መንገድ ዳር ልጆች ይዘው ይጠብቋችኋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቅመሱ።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። ወንጪ ላይ የፈረስ ችግር የለም። ከመኪና ሳትወርዱ ይከቧችኋል፤ ባለ ፈረሶቹ በተራ ነው የሚሠሩት። አብዛኛው ጎብኚ የሚሠራው ስህተት ግን አንድ ነው። ቁልቁለቱን በፈረስ ይወርዳል፣ "አሁንማ ለመድኩት" ብሎ ዳገቱን በእግሩ ለመውጣት ይሞክራል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በእግር ውረዱ፣ በፈረስ ውጡ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈረስ ቁልቁለት ሲወርድ ክብደቱ ሁሉ ፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል። እናንተ ወደ አንገቱ ትንሸራተታላችሁ፣ ኮርቻውም አብሯችሁ ይንሸራተታል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የፈረሱ ኮቴ አንዴ ሲያዳልጠው የእናንተ ልብ አሥር ጊዜ ይመታል። ዳገት ላይ ግን ፈረስ ጌታ ነው። ወደ ፊት ዘንበል ብላችሁ ጋማውን ጨበጥ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ወንጪ ላይ ከተረቱ የሚያስፈልገን የመጀመሪያው ግማሽ ነው።

እናቴን ያወጣት ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፈረሱ ቡላ ነበር፣ አጠር ያለ። እሷ ልትወጣ ስትል ልጁ "ቆይ እማማ" አለና ኮርቻውን ገፋ አደረገው። ተንቀሳቀሰ። ፈረሱ ሲያስሩት ሆዱን ነፍቶ ነበር ለካ። ልጁ ጉልበቱን ጎኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ፈረሱ ሲተነፍስ ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ ጨምሮ ሳበ። እንደገና ገፋው። ንቅንቅ አላለም። "አሁን ውጪ" አላት። ከዚያ በኋላ ፈረስ በወጣሁ ቁጥር ኮርቻውን ራሴ ገፍቼ ሳላይ እርካብ አልረግጥም።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ግላሱን፣ የፈረሱን ልብስ ማለት ነው፣ ገለጥ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ። የተላጠ፣ የቆሰለ፣ ዝንብ ያረፈበት ከሆነ ገጣባ ነው። አትቀመጡበት። ባለቤቱን መሳደብ አያስፈልግም፣ "ሌላ ፈረስ ስጠን" ማለት ይበቃል። ሁሉም ሰው ገጣባ አልቀበልም ቢል ፈረሱ የሚያርፍበት ቀን ያገኝ ነበር። ፈረሶቻችን ትናንሽ መሆናቸውንም አትርሱ። እንደኔ ጠና ያላችሁ ሰዎች ለቀጥ ያለው ቦታ ወርዳችሁ ብትራመዱ አትሞቱም።

ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። "ስንት ነው?" ብቻ አይበቃም። መውረጃ ነው? መውጫ ነው? ደርሶ መልስ ነው? ሳቢው ልጅ አለበት? ታች የሚቆይበት ሰዓትስ? ይሄ ካልተባለ ሐይቁ ዳር ክርክር ይነሳል፤ ያኔ ደግሞ የምትከራከሩት ዳገቱን እያያችሁ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ ብሎ ከመረጣቸው የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ደግሞ ሎጅ ተሠርቶለታል። ለማደር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ጸጥታ ፈልጎ ለሚሄድ ግን እሁድ የሚሆን አይደለም። ሥራ መቅረት ከቻላችሁ ማክሰኞ ሂዱ። ሐይቁን ብቻችሁን ታገኙታላችሁ። ወሩ ከተነሳ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የእኔ ምርጫ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ፈረሱንም ሰውየውንም ያንሸራትታል፣ ጉሙ ደግሞ ሐይቁን ይሸፍነዋል። 155 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ነጭ ግድግዳ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

እዚያው አካባቢ፣ በጊንጪ በኩል የሚገባበት ደንዲ ሐይቅም አለ። ሁለት ክብ ሐይቆች ተነካክተው የ8 ቁጥርን ቅርጽ ሠርተዋል። ሰው ብዙም አይሄድበትም። ወንጪን አይታችሁ ከጨረሳችሁና ሰው ያልበዛበት ካማራችሁ ቀጣዩ እሱ ይሁን።

ዝቋላ፦ መጀመሪያ ላብ፣ ከዚያ ሐይቅ

ዝቋላ የወንጪ ተቃራኒ ነው። ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ከሜዳው ላይ ብቻውን ብድግ ያለ ተራራ ታገኛላችሁ። ጫፉ 2,989 ሜትር ነው። ሜዳው 1,900 አካባቢ ስለሆነ ከስር የጀመረ ሰው ወደ 1,000 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ሐይቁ ያለው ጫፉ ላይ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ጠዋት ያልቃል። ላባችሁን ጨርሳችሁ ሐይቁን ታያላችሁ፣ ከዚያ እያወራችሁ ትወርዳላችሁ።

ለእግረኛ ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት የለም። ጉልበት ሲያልቅ መንገዱም ይቀላል። "ቀላል" ያልኩት ለሳንባ ነው፤ ጉልበቱ ቀድሞ የሚያመው ሰው ቁልቁለቱ ላይ ዱላ ካልያዘ ማታ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል።

አንድ ጊዜ አንድ የጉዞ አዘጋጅ "ቀላል ነው፣ ሁለት ሰዓት ነው" ብሎን ወጣን። ሁለት ሰዓቱ የእሱ ነበር። ከእኛ መካከል ስኒከር አድርጋ የመጣች፣ አንድ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘች ልጅ ነበረች። ከግማሽ በኋላ ውሃችንን ሁሉ ለእሷ አካፈልን። ዝቋላ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ዝቅተኛው ነው። ሜዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም። በመኪና ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ግን ከፍ ያለና ጠንካራ መኪና ይፈልጋል።

ዝቋላ ለፈረስ ብላችሁ የምትሄዱበት ቦታ አይደለም። የእግር መንገድ ነው፣ ከዚያም በላይ የጸሎት መንገድ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚያ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 አቦን ለማንገሥ ሰው ከየአቅጣጫው ይወጣል። ያን ቀን መሄድ ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። አዛውንቶች ባዶ እግራቸውን ሲያልፏችሁ ታያላችሁ፣ ያኔ ስለ ጫማ ማውራት ታቆማላችሁ። መንፈሳዊውን ከፈለጋችሁ በበዓሉ፣ ጸጥታውን ከፈለጋችሁ በሌላ ቀን። ሐይቁ የተቀደሰ ነው፤ ዋና አይታሰብም። ልብሳችሁም ለገዳም የሚሆን ይሁን። ቁምጣ ለብሶ መጥቶ ነጠላ የሚለምን ሰው በየጉዞው አይጠፋም።

ከላይ ጥዱ ውስጥ ጉሬዛ ይዘላል። ቀኑ ጥርት ያለ ከሆነ የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ከእግራችሁ ስር ተዘርግቶ ይታያል። ከወንጪ የሚበልጠው በዚህ ነው። ወንጪ ላይ ወደ ውስጥ ነው የምታዩት፣ ዝቋላ ላይ ግን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም።

ቢሾፍቱ፦ ዳገት የለም

ልጅ የያዘ፣ አያት የያዘ፣ ወይም ቅዳሜ ማታ አምሽቶ እሁድ ዘግይቶ የተነሳ ሰው ቢሾፍቱ ይሂድ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በፈጣን መንገዱ ትደርሳላችሁ። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴ ሐይቅ ሁሉም በአንድ ከተማ ዙሪያ ናቸው። ከፍታው ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ትንፋሽ አያጥርም።

መራመጃ ካላችሁኝ የባቦጋያና የሆራ ዙሪያ ነው። ችግሩ ዳርቻው በየሪዞርቱ አጥር ስለተከፋፈለ መንገዱ እየተቋረጠ ውስጥ ለውስጥ ያስኬዳል። ሰፈር እያቋረጡ ሐይቅ መፈለግ ነው፤ እኔ አይከፋኝም። ሆራ አርሰዲ ላይ ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ ይከበራል። ያን ሰሞን ለእግር ጉዞ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፣ ለበዓሉ ሂዱ።

ፈረሱስ? አንዳንድ መዝናኛዎች ልጆችን በፈረስ ያዞራሉ። ሁለት ዙር ነው፣ አለቀ። ይልቅ ጋሪ ተሳፈሩ። ቢሾፍቱ ላይ ጋሪ ድሮም ታክሲ ነው። ልጆች ከፈረሱ ይልቅ ጋሪውን ሲወዱት አይቻለሁ።

ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቅና ወንጪ ድረስ ሄዶ ለመሞከር የሚፈራ ሰው ደግሞ ከከተማ ሳይወጣ እንጦጦ ይሂድ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ፈረስ ይጋለባል። ሐይቅ የለውም፤ ግን ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሳንባችሁንም ይፈትናል። እንጦጦ ላይ ከእርካቡ ጋር ተዋውቃችሁ ወንጪ ብትሄዱ ሌላ ሰው ናችሁ።

ባሌ፦ ፈረሱ የኑሮ ነው

እስካሁን ያሉት የአንድ ቀን ጉዞዎች ናቸው። ባሌን ለአንድ ቀን አታስቡት። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ፣ መሃል ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን። አራት ቀን ከሌላችሁ ይቅርባችሁ፣ ወንጪ ሁለቴ ሂዱ።

አራት ቀን ያለው ሰው ግን ሌላ ቦታ ባያስብ ይሻላል። ፈረስን በተመለከተ ሌሎቹ ቦታዎች ለቱሪስት ያቀርቡላችኋል፤ ባሌ ግን ሰው ራሱ በፈረስ ነው የሚኖረው። ገበያ የሚሄደው በፈረስ፣ ለቅሶ የሚደርሰው በፈረስ። ያጌጠ ግላስ ለብሶ የሚያልፍ ፈረስ ካያችሁ ለእናንተ ፎቶ ተብሎ አይደለም፤ ባለቤቱ ዘመድ ሊጠይቅ ነው። ፈረስ በኦሮምኛ ፈርዳ ነው፣ ይቺን ቃል ያዙ።

ዳገቱ የት ነው ላላችሁኝ፣ ባሌ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። የሳነቴ አምባ ሰፊ ሜዳ ነው። ግን 4,000 ሜትር አካባቢ ያለ ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ደርሶ በኢትዮጵያ ከፍ ካሉት ተራሮች አንዱ ነው፤ መኪና ግን እስከ ጫፉ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የሚፈትናችሁ ቁልቁለትና ዳገት ሳይሆን አየር ነው። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ብላችሁ ስትነሱ ታለከልካላችሁ። ፈረስ እዚህ ላይ እግር ማሳረፊያ ሳይሆን ትንፋሽ መቆጠቢያ ነው።

በተለይ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ በመጣችሁ ማግስት ባሌ አትሂዱ። የለመዳችሁት የባሕር ዳርቻ አየር ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ፣ ዲንሾ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ከዚያ ወደ ሳነቴ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደና ማስመለስ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ "ትንሽ ልረፍ" አይሠራም።

እንዴት ነው የሚሠራው? ዲንሾ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ ትመዘገባላችሁ፣ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚ ትይዛላችሁ፤ ፈረስና ጫኝም በእሱ በኩል ይመጣል። አንዱ ፈረስ ይጫናል፣ አንዱ ይጋለባል። ጠዋት ድንኳንና ድስት ሲጭኑ ቆማችሁ እዩ። ሁለቱ ጎን እኩል እስኪሆን ድረስ ሽንኩርት ሳይቀር ከወዲህ ወደዚያ ያመላልሳሉ።

የጊዜ ጉዳይ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ ዲንሾ ላይ ማደርና በዙሪያው ባለው ጥድና በጋይሳይ ሜዳ መራመድ ነው። የደጋ አጋዘን እዚያ ብዙ ነው፣ ፈረስም አያስፈልግም። ረጅሙ በወብ ሸለቆ በኩል ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባል ፏፏቴ አለ። በአቅራቢያው ያለ የዓለት ጥላ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎችን መኖሪያ አግኝተዋል። እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ ከተገኙ የሰው መኖሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ነው። ሰዎቹ ምን ይበሉ ነበር? ግዙፉን ፍልፈል፣ ጠብሰው። ዛሬ ያን ፍልፈል የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮን ለማየት ከባሌ የተሻለ ቦታ የለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው አሉ። ባሌ ላይ ቀበሮው እንኳ ስሙን ያገኘው ከፈረስ ነው። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እነዚህን እንስሳት ከሚጨርሷቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚይዛቸው የእብደት በሽታ ነው።

ሐይቁስ? ባሌ ላይ እንደ ወንጪ ትልቅ ሐይቅ አትጠብቁ። ሳነቴ ላይ የተበታተኑ ትናንሽ የደጋ ውሃዎች ናቸው። ከመካከላቸው ገርባ ጉራቻ፣ ጥቁር ሐይቅ እንደማለት ነው፣ ከገደል ስር ተቀምጦ እውነትም ጥቁር ይመስላል። ሐይቅን ለመዋኘት፣ ለጀልባ፣ ለፎቶ የሚፈልግ ሰው ባሌ ላይ ቅር ይለዋል። ለዝምታ የሚፈልግ ሰው ግን አይከፋውም።

ብርዱን አቅልላችሁ አትዩት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ለጉዞ ምርጥ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጠዋት ድንኳኑ ላይ በረዶ ትጠርጋላችሁ። አንድ ጋቢ ለመልበስ፣ አንድ ጋቢ ለኮርቻው። ይሄን የምለው ቀልዴን አይደለም። የአገራችን ኮርቻ እንጨት ነው፤ ቆዳ ቢለብስም እንጨት ነው። አራት እጥፍ የተደረገ ጋቢ ከስር ከሌለ በሁለተኛው ቀን ቆማችሁ ነው ራት የምትበሉት። ጂንስም አትልበሱ። የውስጥ ስፌቱ ጉልበታችሁን ይልጠዋል። ለስለስ ያለ ረጅም ሱሪ ይሻላል።

ለስንቅ አካባቢው ራሱ መልስ አለው። ጭኮ ግዙ። ገብስና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ሁለት ማንኪያ ግማሽ ቀን ያቆማል። ከከተማ ብስኩት ተሸክሞ ባሌ የሚሄድ ሰው ይገርመኛል።

ፈረሱ ላይ ስትሆኑ ደግሞ አትቸኩሉ። ዝግታው ይበቃል። ሜዳው ሲያሳሳችሁ ሶምሶማ ይፈቀዳል። ግልቢያ ግን የፍልፈል ጉድጓድ በሞላበት መሬት ላይ የፈረሱን እግር መስበር ነው፤ ባለቤቱ ተቆጥቶ ቢጮህባችሁ እውነት አለው።

ሌሎቹ በጨረፍታ

ስሜን ተራሮችን እዚህ ያላወዳደርኩት ስለማልወደው አይደለም። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ አወራለሁ። እዚያ የሚያገለግለው በቅሎ እንጂ ፈረስ አይደለም፣ ትክክልም ነው። በዚያ ገደል ጫፍ እግሩን አይቶ የሚረግጥ እንስሳ ነው የሚያስፈልገው። ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ፈረስ መመለስ ይከብደዋል፤ ሻይ ሳይፈስ ያደርሳል ማለት ይቻላል። በቅሎ እናቷ ፈረስ መሆኗን ስትናገር አባቷን ለምን እንደምትደብቅ እስካሁን አይገባኝም። የአማራ ክልል ግጭት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ መንገድ ስለዘጋ ግን ዛሬ ሂዱ አልልም።

በዚያው ክልል እንጅባራ አጠገብ ዘንገና የሚባል ክብ ሐይቅ አለ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው እዚያ ከተማ ነው። ፈረስን ከነጌጡ፣ ከነክብሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ቀኑ ሲመቻች የሚይዘው ቀጠሮ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረሳቸው ስም አይደል? ያ ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ የሚታይበት ቦታ ነው።

ወንዶ ገነት ፍልውሃና ፈረስ አለ፣ ሐዋሳ ለመሄድ መንገድ ላይ ላላችሁ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጠዋት ታቦር ኮረብታ ወጥቶ ሐይቁን ከላይ ማየት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ታዲያ የቱን?

ከእናት ከአባት ጋር ከሆነና አንድ ቀን ካላችሁ፣ ጉልበታቸው ደህና ከሆነ ወንጪ፣ መውጫውን በፈረስ። ጉልበታቸው ካመማቸው ቢሾፍቱ፣ ያለ ክርክር። ከጓደኞች ጋር ሆናችሁ "እስቲ እንፈተን" ካላችሁ ዝቋላ። ፈረስ መጋለብ መማር የፈለገ መጀመሪያ እንጦጦ፣ ቀጥሎ ወንጪ፣ ከዚያ ባሌ። ወንጪን ሳትሞክሩ ባሌ ላይ ሦስት ቀን ፈረስ አትከራዩ፤ ለመቀመጫችሁ ስል ነው።

የትኛውም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት የዚያን ሳምንት የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የባለፈው ወር ወሬ አይሠራም። በጉዞ አዘጋጅ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት አራት ነገር አስመልሱት። ስንት ሜትር ነው የሚወጣው? ዳገቱ ሲሄዱ ነው ሲመለሱ? ሰው ቢደክመው የሚጫንበት ፈረስ ወይም በቅሎ አለ? ከጨለመ በኋላ ነው የምንመለሰው ወይስ በፊት? "ቀላል ነው፣ አትጨነቁ" ካላችሁ ለማን ነው ቀላል ብላችሁ ጠይቁት።

እናቴ ዘንድሮ ባሌ እንሂድ ብላለች። ጋቢዎቹን አጥባ አስጥታለች፣ አራት ናቸው።